የዓይን ኦፕራሲዮን ላደረጉ ወላጆቻችን ምን እናብላቸው?

ዕድሜያቸው የገፋ እናት ወይም አባት ያሉበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ከሚችለው ችግር አንዱ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1,000 ሰዎች መካከል 16 ያህሉ ዓይነ ሥውራን ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ምክንያት ነበር።

ደግነቱ ሞራ ግርዶሽ በኦፕራሲዮን የሚወገድ ሕመም ነው። ሐኪሙ ዓይኑን አደንዝዞ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ ያወጣና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ሕመምተኛውም በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ በደንብ እስኪያገግም ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ያህል ይወስዳል። እነዚህ ሳምንታት የሚያልፉት ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን በእርስዎ ቤትና በእርስዎ እንክብካቤ ነው።

በዚህ ጊዜ በየቤቱ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ይብሉ?» የሚለው ነው። ጠያቂው ሁሉ የየራሱን ምክር ይዞ ይመጣል። አንዷ ጎረቤት «እንቁላል እንዳታቀምሻቸው፤ ቁስሉ ያመረቅዛል» ስትል፣ ሌላዋ «ቅባት አይንካቸው» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ካሮት በካሮት አድርጊያቸው ብላ ትሄዳለች። የሁሉም ምክር ተደምሮ ሲታይ፣ አዛውንቷ የሚቀራቸው ሻይና ዳቦ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የተቀደደን ዓይን ለይቶ የሚያድን ምግብ የለም። ዓይንን ከመመረዝ የሚጠብቀው ሐኪሙ ያዘዘው ጠብታና ንጽሕና ነው። የምግብ ድርሻ ሰውነት ቁስሉን ራሱ እንዲጠግን ኃይል መስጠት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ጉዳት ይመጣል፤ በምግብ ተማምኖ ጠብታ የሚረሳ አለ፣ ዓይን ይጎዳል ተብሎ ተከልክሎ የሚራብም አለ።

ስለ ሞራ፣ ስለ ካሮትና ስለ ማላመጥ

«ሞራ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ስሙ የበግና የከብት ሞራን ስለሚያስታውስ፣ ሕመሙ ጮማና ቅቤ ከማብዛት የመጣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ግርዶሹ ስብ አይደለም። ሌንሱ ራሱ ከዕድሜ ብዛት፣ ከስኳር ሕመም፣ ከአደጋ ወይም ከሌላ ምክንያት የተነሣ ጥራቱን አጥቶ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በወጥ ውስጥ ያለው መጠነኛ ዘይት ወይም ቅቤ ግርዶሹን መልሶ አያመጣውም።

የካሮት ዝና ደግሞ የመጣው ከእውነት ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ካሮት ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው። ይህ ቪታሚን ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል፤ ጉድለቱ ሲጠናም በተለይ የሕፃናት ዓይን እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ካሮት ከዳፍንት ይከላከላል። የደፈረሰውን ሌንስ ግን ሊያጠራ አይችልም፤ የኦፕራሲዮን ቁስልንም ብቻውን አያሽርም።

«ማላመጥ ክልክል ነው» የሚለው ምክር ከጥንቱ ሕክምና የተወረሰ ነው። ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ያስገባውም ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በዚያ ዘመን የሚቀደደው የዓይን ክፍል ሰፊ ስለነበር፣ ሕመምተኛው ራሱ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ለቀናት በጀርባው ይተኛ ነበር። መንጋጋው ብዙ እንዳይንቀሳቀስም ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ ይሰጠው ነበር። ዛሬ የሚቀደደው ክፍል በጣም ጠባብ በመሆኑ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጠጣር ቆሎና አጥንት መጋጥ ቢቀር፣ በምትኩም ፍትፍት፣ ሾርባና አጥሚት ቢቀርብ፣ በተለይ ጥርሳቸው ለሳሳ አዛውንት ይመቻል።

ገንቢ ምግብ ይቅደም

ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። አዛውንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጎድላቸው ይኸው ነው። ጥርስ ያስቸግራል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ «ለልጆቹ ይሁን» እያሉም የራሳቸውን ድርሻ ይተዋሉ። ክብደታቸው 50 ኪሎ የሆነ አዛውንት በማገገሚያ ጊዜ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኙ መልካም ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር መወሰን አለባቸው።

ይህን ያህል ፕሮቲን ለማግኘት በየቀኑ ሥጋ መግዛት የግድ አይደለም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። እንግዲህ በቀን 2 እንቁላል፣ 2 ብርጭቆ ወተትና አንድ ኩባያ ምስር ቢበሉ 46 ግራም ይሆናል፤ የቀረውን እንጀራውና ዳቦው ይሞላዋል። እንቁላል ቁስል ያመረቅዛል የሚባለው መሠረት የለውም፤ እንዲያውም እንቁላል ለመብላት ከማይከብዱት ገንቢ ምግቦች አንዱ ነው። እንቁላል ሲበሉ ሰውነታቸው የሚቆጣ ሰዎች ብቻ ይተዉት።

ወተቱን አፍልተው ይስጡ። ሥጋ ካለም በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ለኮሶና ለሌሎችም የሆድ ሕመሞች ስለሚያጋልጡ የማገገሚያው ጊዜ እስኪያልፍ ይቆዩ።

የቪታሚን ምግቦች ከጉሊት ይገኛሉ

ሰውነት አዲስ ሥጋ ሲሠራ ቪታሚን ሲ ያስፈልገዋል። በቀን የሚያስፈልገው መጠን ለሴት 75፣ ለወንድ 90 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ብቻውን 70 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። ዘይቱን ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያም ጥሩ ምንጮች ናቸው።

ለቪታሚን ኤ ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ብርቱካንማ ስኳር ድንችና የእንቁላል አስኳል አሉ። ጎመን ሲያዘጋጁ ሁለት ነገሮችን ያስታውሱ። በመጀመሪያ፣ ከከተፉ በኋላ ሳይሆን ከመክተፍዎ በፊት ይጠቡት፤ የተቀቀለበትንም ውሃ አይድፉት። ቪታሚን ሲ በውሃ ውስጥ ይቀልጣል፤ እሳት ሲበዛበትም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ጥቂት ዘይት ይጨምሩበት። ሰውነት ቪታሚን ኤን በሚገባ የሚወስደው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው።

«ለዓይን ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሸጥ የቪታሚን ክኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ። ቪታሚን ኤ በክኒን መልክ ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል። ክኒኑ የሚበላውን ገንዘብ ለእንቁላልና ለጎመን ቢያውሉት ይሻላል።

ሆድ ድርቀትን በቸልታ አይለፉት

ከኦፕራሲዮን በኋላ ሰውየው ይቀመጣሉ፣ እንቅስቃሴ ይቀንሳሉ፣ ውሃም ብዙ አይጠጡም። ከዚህ የተነሣ ሆድ ይደርቃል። በመጸዳጃ ቤት በብርቱ ማማጥ ደግሞ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ገና ላልጠና ቁስል አይመከርም። ብዙ ሰው ይህን ማንሣት ያፍራል፤ በተለይ አባት ለልጃቸው ሚስት አይናገሩም። ስለዚህ ሳይነግሩዎት በፊት እርስዎ አስቀድመው ይከላከሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ዳቦ፣ አጃ፣ ጥራጥሬ፣ ጎመንና ፓፓያ ያዘውትሩላቸው። የተፈጨ ተልባ በውሃ በጥብጦ ማጠጣትም ይረዳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም ውሃ ካልቀነሰባቸው በቀር፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ፈሳሽ ይጠጡ። ቡና በልኩ አይከለከልም። ጫት ሆድ ስለሚያደርቅና እንቅልፍ ስለሚነሣ፣ ጠጅና አረቄም ለመውደቅ አደጋ ስለሚያጋልጡ መቅረት አለባቸው። በአንድ ዓይኑ ገና በማያይ ሰው ላይ ትንሽ ስካር እንኳ ከባድ ጉዳት ታመጣለች።

የስኳር ሕመም ካለ

የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች የምግብ ጉዳይ ከማንም በላይ ያሳስባል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ካለ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ለመመረዝም ይጋለጣል። እዚህ ላይ የጠያቂዎች ደግነት ሳይታሰብ ጉዳት ያመጣል። በልማዳችን ታማሚ የሚጠየቀው በባዶ እጅ አይደለም። ሙዝ፣ ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳርና ማር ይመጣል። ጠያቂው ፊት «አልጠጣም» ማለትም ነውር ስለሚመስል አዛውንቷ ይጠጣሉ።

ይህን ሥራ ከእሳቸው ላይ ያንሡና እርስዎ ይውሰዱት። ለስላሳውን ለልጆችና ለእንግዶች ያቅርቡ፤ ለእሳቸው ውሃ፣ አምቦ ውሃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ያድርሱ። ሊመጡ ያሰቡ ዘመዶች «ምን እናምጣ?» ብለው ቢጠይቁ፣ እንቁላል ወይም ወተት ማለት አያሳፍርም። አጥሚቱንም ያለ ስኳርና ያለ ማር ይሥሩት። ፍራፍሬ አይከለከልም፤ ነገር ግን ተጨምቆ ሳይሆን ፍሬው እንዳለ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ፍሬ ብቻ ይበሉ። የስኳር መድኃኒታቸውንም ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር አያቋርጡ።

ጾምና ጠብታ

ብዙ አዛውንት ከምንም በላይ የሚያከብሩት ጾማቸውን ነው። «ዓይኔን ያበራልኝ አምላክ ጾሜን አያስፈታኝም» የሚሉ እናት ቢኖሩ አይከራከሯቸው፤ ይልቁንም የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ጾሙን ያቀሉለታል። በእስልምናም በረመዳን ወር የታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ ተፈቅዶለታል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን ለሚወስዱ ሰዎች ይህ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። መድኃኒቱን ወስደው ምግብ ከዘገየ ስኳራቸው ይወርዳል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውንም ስተው ሊወድቁ ይችላሉ።

ከሥጋና ከወተት ብቻ የሚጾሙ ከሆነ፣ በዓቢይ ጾም 55 ቀናትም ቢሆን በቂ ፕሮቲን ማግኘት ይቻላል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም ያህል ይሰጣሉ። እንጀራው ሲጨመር የቀኑ መጠን ይቀርባል። የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍትና የባቄላ ወጥም አሉ። ጉዳት የሚመጣው ጾሙን በሻይና በደረቅ ዳቦ ሲያሳልፉት ነው።

ሌላው ችግር ጠብታው ነው። ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ በእንባ መውረጃው በኩል ወደ ጉሮሮ ወርዶ ሊመር ይችላል። ይህን የቀመሱ አዛውንት «ጾሜ ተገደፈ» ብለው ጠብታውን እስከ ማታ የሚያቆዩበት ጊዜ አለ። ይህ ለዓይኑ አደገኛ ነው። ጠብታውን ካደረጉላቸው በኋላ ዓይኑን ሳይነኩ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በንጹሕ ጣት ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ በቀስታ ቢይዙት ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ይቀንሳል። ከዚህ የተረፈውን ጥያቄ ለሐኪሙና ለሃይማኖት አባታቸው ያቅርቡ እንጂ ጠብታውን በራስዎ ፈቃድ አያስቀሩ።

ማጀት ውስጥ ያለው አደጋ

በርበሬ ተበልቶ ወደ ዓይን አይደርስም። አልጫ ብቻ ይብሉ የሚለው ክልከላም ጨጓራ ለሚያማቸው ካልሆነ አስፈላጊ አይደለም። አደጋው በጣት ላይ ያለው በርበሬ ነው። ቀይ ወጥ በእጃቸው የበሉ ሰው ሳያስቡት ዓይናቸውን ቢያሹ ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቁታል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ እጃቸው በሳሙና ይታጠብ። ጠብታ የሚያደርጉትም እርስዎ ከሆኑ፣ ሽንኩርት የከተፉበትን እጅዎን በሳሙና በደንብ ሳይታጠቡ ብልቃጡን አይንኩ።

በርበሬ በሚታመስበት፣ እንጀራ በሚጋገርበትና የከሰል ወይም የእንጨት ጭስ ባለበት ቦታ አያስቀምጧቸው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሳሉም ዓይኑ ላይ ግፊት ይፈጥራል። ቡና ሲፈላ ዕጣኑን ከእሳቸው አርቀው ያጭሱ።

ምግብ የሚገባው በአፍ እንጂ በዓይን አይደለም። ቅቤ፣ ማር፣ የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ኩል በታከመው ዓይን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ጸበል መጠመቅ የሚሹ ከሆነም ሐኪሙ ውሃ እንዲነካው እስኪፈቅድ ድረስ ዓይኑ ላይ እንዳይረጭ ያድርጉ።

ሥራ ለሚውሉ እናቶች

እርስዎ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? የሚረዳው ዘዴ ጠብታውን ከምግቡ ጋር ማያያዝ ነው። ጠብታው በቀን 4 ጊዜ የታዘዘ ከሆነ የምግቡን ሰዓት እንደ ሰዓት ደወል ይጠቀሙበት።

ጠዋት በ1 ሰዓት ከመውጣትዎ በፊት አጥሚት ወይም የገንፎ ቁርስ ከእንቁላል ጋር ያብሏቸውና የመጀመሪያውን ጠብታ ራስዎ ያድርጉ። በ6 ሰዓት ምሳቸውን እንጀራ በምስርና በጎመን፣ ከሁለተኛው ጠብታ ጋር ቤት የሚውለው ሰው ይስጥ። በ10 ሰዓት መክሰሱ ወተት ወይም አንድ ብርቱካን፣ ሦስተኛው ጠብታም በዚሁ ሰዓት ይሁን። ማታ በ2 ሰዓት ሽሮ ፍትፍት ወይም የአትክልት ሾርባ ያብሉና አራተኛውን ያድርጉ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ያህል ይቆዩ።

ምስሩንና ጎመኑን ማታ ሠርተው ማሳደር ይችላሉ። ቀን የሚውለው የቤት ሠራተኛ ወይም ትልቁ ልጅ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ፊትዎ እንዲያደርጉት አሳይተው ያረጋግጡ። በወረቀት ላይ አራት ካሬ ሠርተው ጠብታው በተደረገ ቁጥር ምልክት ቢያስደርጉ፣ ማታ ሲገቡ ምን እንደተረሳ ያዩበታል።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ምግቡ ምንም ያህል ቢያምር የሚከተሉት ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሕመምተኛውን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱ፤ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከበረታ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ፣ መግል ካወጣ፣ ጠርቶ የነበረው እይታ መልሶ ከደበዘዘ፣ ወይም በዓይን ፊት ብልጭታ ከታየ። የመመረዝ አደጋ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ያሰጋል። አንድ ቀን መዘግየት ኦፕራሲዮኑ የመለሰውን ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል።

እስካሁን የተነጋገርነው ታማሚውን የምታስታምም ሴት አለች ብለን ነው። ታማሚዋ ራስዋ የማጀቱ ኃላፊ ስትሆንስ? ብዙ እናቶች ዓይናቸው እየደበዘዘ «ማን ይጋግራል? ማን ወጥ ይሠራል?» እያሉ ሕክምናውን ከዓመት ዓመት ያስተላልፋሉ። ከታከሙም በኋላ በሦስተኛው ቀን ምጣድ ሥር አጎንብሰው ይገኛሉ። ከባድ እንስራና ድስት ማንሣት፣ ማጎንበስና ጭስ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ለእሳቸው ክልክል ናቸው።

እንግዲህ በቤቱ ያላችሁ ባሎችና ጎረምሶች፣ ምስር መቀቀልና እንቁላል መጥበስ የሚከብድ ሥራ አይደለም። እንጀራውም ለጥቂት ሳምንታት ከገበያ ሊገዛ ይችላል። እርስዎም፣ እናትዎ «ቤቱን ለማን ጥዬ?» በማለት ቀጠሯቸውን እያስተላለፉ ከሆነ፣ ማን እንደሚያበስልና ጠብታውን ማን እንደሚያደርግ በዚህ ሳምንት ቤተሰቡን ሰብስበው ይደልድሉ። ድልድሉ ካለቀ በኋላ የቀጠሮውን ቀን ለማስያዝ አብረዋቸው ይሂዱ።